የእናቴን አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቃላት ስለማስፈታት

ለክቡር የሕዝብ ግንኙነትና የቋንቋ አጠቃቀም መምሪያ ኃላፊ፣
በሰፊው ወንበርዎ ላይ ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በየሦስት ዓመቱ አዲስ መፈክር ለሚወልደው አእምሮዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት ከወንበሬ ተነሥቼ እገልጻለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምለው ግን ለዚህ ሳምንት የተፈቀደው ቃል የትኛው እንደሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ሳላይ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢኖርበት በቀይ ያስምሩበት እንጂ አይቀየሙኝ።

ካላስታወሱኝ፣ እኔ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ መስኮቱ በማይዘጋው ክፍል ተቀምጬ ለደንበኞች የሚሄደውን ደብዳቤና ማስታወቂያ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሳረቅቅ የኖርኩት፣ ባልደረቦቼም "ቀይ እስክሪብቶ" የሚሉኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ቅጽል ስሙን ያወጡልኝ የሰውን ጽሑፍ ሁሉ በቀይ ስለማርም ሲሆን፣ የራሴን ነገር ግን አንድም ቀን አርሜ እንደማላውቅ ይህን ደብዳቤ ሲጨርሱ ይረዱልኛል።

በአደባባይ የጻፍኩልዎ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ኧረ ምን ቆርጦኝ! ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌ፣ ሦስቱም "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" የሚል ተጽፎባቸው ወደ ገዛ ጠረጴዛዬ ስለተመለሱ ነው፤ ለካስ የሚመለከተው ክፍል እኔው ራሴ ኖሬያለሁ። ልመናዬ አንዲት ናት። እናቴ የገዛ ቃሎቿን መልሳ እንድትናገር የሚፈቅድ፣ ከሦስት መስመር የማይበልጥ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ነው። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ግን በተራ ቁጥር ላስረዳ።

አንደኛ፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በትልቁ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ደብዳቤዎቻችን "የአያት ጓዳ ይሸታሉ" ብለው፣ ከእንግዲህ ዘመናዊ እንዲሆኑ ያዘዙበትን ንግግር ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የቃላት ዝርዝር ይዘጋጅ አላሉም፤ ቃል ይታገድም አላሉም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ ብዬ የሚከለከሉትን ቃላት ለቅሜ አቀርባለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክሱ በእርስዎ ላይ ቢሆንም አንደኛ ተከሳሽ እኔ መሆኔ ከወዲሁ ይመዝገብልኝ።

ቃላቱንስ ከየት አመጣኋቸው? ከእናቴ አፍ ነዋ! እናቴ አብራኝ ትኖራለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግላ በጡረታ የወጣች፣ የትኛው ወረቀት በየትኛው መደርደሪያ እንደተኛ ዓይኗን ጨፍና የምትናገር፣ በዚህም "እማማ መዝገብ" የተባለች ሴት ናት። ሁለት ወር ሙሉ እራት ላይ ማስታወሻ ደብተሬን ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እሷ ስታወራ እኔ እየለቀምኩ ጻፍኩ። እያየችኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ "ልጄ እኮ ቃሌን እየጻፈልኝ ነው፤ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ብሎ" እያለች ስትኮራብኝ እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን በሰማሁ ቀን የምገባበት ጠፋኝ፤ እስካሁንም አላገኘሁትም።

ሁለተኛ፤ "በደብዳቤም ሆነ በንግግር እንዳይነገሩ የተከለከሉ ኋላ ቀር ቃላት" የሚለው ሰርኩላር አንድ መቶ አሥራ ሁለት ተራ ቁጥር ነበረው። "በንግግር" የሚለውን ማንም ሳያዝዘኝ የጨመርኩት እኔ ስሆን፣ ሳያነቡ በዚያው ዕለት ስለፈረሙልኝና ማኅተም ስላስመቱልኝ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን በአንድ ቀን ያለቀ ጉዳይ አላየሁም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ "ማለፊያ" ነበር፣ ሃያ ሁለት "ሸጋ"፣ አርባ አንድ "አበጀህ"። "እንዴታ" እናቴ በየንግግሯ ጣልቃ የምታስገባው ቃል ስለነበረ ሳላስተውል አሥራ ሰባተኛም ሰማንያ ስምንተኛም አድርጌ ጽፌዋለሁ። ስድሳ ሦስተኛው "ይጠዘጥዘኛል" ነው፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ለየትኛው ደንበኛ "ይጠዘጥዘኛል" ብሎ እንደሚጽፍ ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም፣ ግን እናቴ ስለ ጉልበቷ ስታወራ ብላዋለችና ገባ።

በዚህ ቢበቃኝ ደግ ነበር። ማኅተሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ቤት ወስጄ፣ እንደ ፈተና ውጤት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። እናቴ መነጽሯን አደረገች፤ ቆማ ከአንድ እስከ አንድ መቶ አሥራ ሁለት አንድ በአንድ አነበበችው። አሥራ ሰባተኛውን ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ደግማ ስታገኘው በጣቷ ነካ አድርጋው ማንበቧን ቀጠለች። ስትጨርስ፣ "ማኅተም አለው" አለች። ከዚያ ዋናውን ከበሩ ላይ አነሣች፣ አልጋዋ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ፋይል ከፈተችለት፣ የገቢ ደብዳቤ ቁጥርም ሰጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድም ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

እኔስ ምን አደረግኩ ይመስልዎታል? ደነገጥኩ? አዘንኩ? በጭራሽ! በሩብ ዓመቱ ሪፖርቴ ላይ "መመሪያው በቤተሰብ ደረጃም ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗል" ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም ጎን ላይ "መልካም ተሞክሮ፣ ይስፋፋ" ብለው መሩበት። በቤታችን የተስፋፋው ዝምታ ነው። ያች ስትናገር ቤቱን የምትሞላ ሴት ኦኬ፣ ኖርማል፣ ችግር የለውም የምትል ሆነች፤ አንድ ቀን ሾርባ ቀምሳ "ከጨው አንጻር ክፍተት ይታይበታል" ስትለኝ፣ የገዛ ደብዳቤዬ ማንኪያ ይዞ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ።

ሦስተኛ፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ከትምህርቷ ገብታ ቦርሳዋን ጥላ፣ እንዴት ዋልሽ ብላት "ማለፊያ!" አለችኝ። እጄ ሳላዘው ደረት ኪሴ ገብቶ እስክሪብቶ አወጣ። አባዬ ምነው፣ አልሰማህም እንዴ፣ ሰው ሁሉ እኮ እንዲህ ነው የሚያወራው ብላ ስልኳን ስታሳየኝ፣ የሷ ዕድሜ የሆኑ ልጆች አንዱ ላንዱ "ጎሽ!"፣ "አበጀሽ!" እየተባባሉ ይስቃሉ። በማግሥቱ ዓይኔን ገልጬ ስሄድ መንገዱ ሁሉ የእናቴን አፍ ለብሷል፤ ከማዕዘኑ ያለው ኬክ ቤት ስሙን "ማለፊያ" ብሎታል፣ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ "እንደምን ሰነበቱ" አስጽፏል፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የቆመው ጎረምሳ ካናቴራው ጀርባ ላይ "ሸጋ" የሚል ተጽፎበት ስድስት ፌርማታ ሙሉ ሳነበው ተጓዝኩ። እኔ ከቤቴ ያባረርኳቸው ቃላት ከተማው ሁሉ ቤት እንግዳ ሆነው ተቀምጠዋል።

እርስዎም ከጊዜው ወደ ኋላ የሚቀሩ ሰው አይደሉምና "ቃላችን ወደ አፋችን" የተሰኘውን ዘመቻ አወጁልን፤ ነጭ ስኒከር የተጫማ አሠልጣኝም አመጡልን። ይህ ወጣት ስለ ጥንት ቃላት ሁለት ቀን ሲያስተምረን፣ እኔን አስነሥቶ "አበጀህ" በል አለኝ፤ አልኩ። አንገቱን ነቀነቀና፣ "አባባ፣ ከልብዎ አልመጣም፤ ትንሽ አያታዊ ያድርጉት" አለኝ። አርባ ዓመት ስሰማው በኖርኩት ቃል በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ውጤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የምስክር ወረቀቴም ላይ "ጀማሪ" ይላል። ደግ ነው፤ ይገባኛል።

ከሥልጠናው በኋላ "እንዲነገሩ የሚበረታቱ ቀደምት ቃላት" የሚል በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ዝርዝር ታደለን። ቆጠርኩት፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ዘጠነኛው ማለፊያ፣ ሃያ ሁለተኛው ሸጋ። "እንዴታ" አሥራ ሰባተኛም ሰማንያ ስምንተኛም። ክቡር ሆይ፣ የእኔን ዝርዝር ከነስሕተቴ አምጥተው ርዕሱን ብቻ እንደቀየሩት ሳይ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ አይፍረዱብኝ፣ ኩራት ተሰማኝ። በሁለት ተቃራኒ ዘመቻ ላይ አንድ ሰነድ ብቻውን ያገለገለለት አርቃቂ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

አራተኛ፤ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ቢያንስ አምስት ቀደምት ቃል ይግባ ባሉት መሠረት፣ ባለፈው ወር "እሰይ! ሸጋ ደንበኞቻችን፣ ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ውሃ የለም" የሚል ጽፌ ለጥፌያለሁ። የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት የሆኑ እመቤት ሳሙናው ያልለቀቀ እርጥብ ልብስ በጨርቅ ቋጥረው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ "እሰይ ያልከው አንተ ነህ? በል እንግዲህ ጨርሰው!" ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ይህን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ሕዝብ አስተያየት ይያዙልኝ፤ ፋይሎቹ እስካሁን አልደረቁም።

አምስተኛ፤ ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። አሠልጣኙ ሊሰናበት ሲል "ቤታችሁ አዛውንት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ቃል ልቀሙ" ብሎን ነበር። እኔማ ለቅሜ ነበር! ያም ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ይዤ፣ እንደ ምሥራች ነጋሪ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ እማዬ፣ ተፈቅዷል፣ እንደ ድሮሽ ተናገሪ አልኳት። መነጽሯን አደረገች። ከአልጋዋ ሥር ሳጥኑን ስባ የፊተኛውን አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ መረመረቻቸው። "ይኼኛው ማበረታቻ ነው" አለችኝ ረጋ ብላ፤ "የፊተኛውን ተሽሯል አይልም። ማኅተምም የለው። ሰርኩላር በሰርኩላር እንጂ በአፍ አይሻርም።" ልጄም ብትሄድ፣ ለጓደኞቼ የምነግረው አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ ብትላት፣ "አባትሽን ጠይቂው፤ ዝርዝሩ እሱ ጋ ነው" ብላ ሰደደቻት። ይኸው ከተማው በሙሉ በእናቴ ቃላት ሲሽሞነሞን፣ ባለቤቲቱ ብቻ ቀርታለች።

የሚያስቅ መስሎኝ ለባልደረቦቼ ሳወራው ሰነበትኩ። ሳቁ የቆመው ሐኪም ቤት ነው። ልጄ አያቷ ግድግዳ ይዛ ስትራመድ አይታ እየጎተተች ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ ጉልበቷን እየዳሰሰች፣ እማማ ሕመሙ ምን ዓይነት ነው፣ ሌሊት ምን ያደርግዎታል ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ እንደደረሰ ዓይኔ አይቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና አፏን ገጥማ፣ "ኖርማል ነው" አለች። ይጠዘጥዛታል አልኩ እኔ፤ ሐኪሟ ግን፣ ተገቢውን አደረገችና፣ ከታማሚዋ ነው መስማት ያለብኝ ብላ ጠበቀች። እናቴ ስድሳ ሦስተኛውን ተራ ቁጥር አልጣሰችም። የሚያስታግስ ነገር ተጽፎላት ተመለስን፤ ሌሊት ግድግዳ ይዛ ስትሄድ እስካሁን እሰማታለሁ።

ተቀይመሽኛል ወይ ብዬ ፊት ለፊት ጠይቄያታለሁ። "ኧረ ኖርማል ነኝ" አለችኝ። ሕግ እያከበረች ይሁን እኔን እየቀጣች እስካሁን አልለየልኝም፤ የመዝገብ ቤት ሰው ሁለቱን በአንድ ፋይል ማያያዝ ያውቅበታል።

ስድስተኛ፤ ከሦስቱ ፖስታዎች ሌላ፣ ሰርኩላሩ ይሻርልኝ ብዬ ላቀረብኩት ማመልከቻ መምሪያዎ በሰጠኝ መልስ፣ "እንዲህ ያለ ክልከላ በመሥሪያ ቤታችን ወጥቶ የማያውቅ በመሆኑ፣ ያልወጣ ነገር ሊሻር አይችልም" ተብያለሁ። ለግልጽነቱ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ለእናቴ ባነብላት ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ፊቷ ሲበራ አላየሁም፤ ዋናው ከነማኅተሙ እሷ ዘንድ በክብር እንደሚገኝና መሥሪያ ቤቱ ኮፒ ከፈለገ በጽሑፍ ቢጠይቅ እንደምትሰጥ እንዳሳውቅዎ አዛኛለች። አሳውቄያለሁ።

ሰባተኛ ብዬ የምጽፈው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። የሃያ አምስት ዓመት አገልግሎት ምስክር ወረቀቴን ባለፈው የሰጡኝ ዕለት፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ይዤው ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ ድሮ ከትምህርት ቤት ደብተር ይዤ ስመጣ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታገላብጥና ራሴን በመዳፏ ይዛ "አበጀህ!" ትለኝ ነበር፤ ያንን ስሰማ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ምስክር ወረቀቱን እጇ ላይ አኖርኩና ሽበታም ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። አየችው፣ ጀርባውንም ገልብጣ አየች። "ናይስ ነው" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጅ የወለድኩ፣ ራሴ ላይ ጥቁር ፀጉር ፈልጎ ማግኘት የሚቸግር ሰው ነኝ። ግን እናቴ አንድ ጊዜ አበጀህ እንድትለኝ እፈልጋለሁ። ጉልበቷም ምን እንደሚያደርጋት ለሐኪሟ በራሷ ቃል እንድትናገር እፈልጋለሁ። እሷ ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ ለቀጣዩ ዘመቻዎ ሦስት ዓመት መጠበቅ አንችልም።

ሥራ እንዳላበዛብዎ ረቂቁን እኔው አዘጋጅቻለሁ፤ ማንበብ አይጠበቅብዎትም፣ እንደ ልማድዎ መፈረም ብቻ ነው፦ "ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የወጣው የተከለከሉ ቃላት ሰርኩላር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ቃላቱ ለባለቤታቸው ይመለሱ። ግልባጭ፦ ለእማማ መዝገብ።"

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም የከለከሉንን መልሰው ስላስተማሩን፣ ቤቴ የነበረውንም ዕቃ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው በስጦታ ስላበረከቱልኝ፣ ምስጋናዬ ከውሃ ማማችን የበለጠ ከፍ ያለ፣ እንደ ውሃ ማማችንም ባዶ ያልሆነ መሆኑን በማረጋገጥ፣

በፍጹም ትሕትና፣ አንደኛ ተከሳሽና አመልካች፣
ጀማሪ ተናጋሪ፣
ሠራተኛዎ ቀይ እስክሪብቶ

በተጨማሪ፦ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ትናንት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ተኝቼ ነበር፤ እሺ፣ አልረሳሁትም፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ጠዋት ስነሣ በካርቶን ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት አገኘሁት። በገዛ ቀይ እስክሪብቶዬ "አንደኛ ተከሳሽ እኔ መሆኔ" ከሚለው አጠገብ "ትክክል" ተብሎበታል። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ በዚያ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት "አይቼዋለሁ። አበጀህ። ወጪ ሆኖ ይላክ" ይላል፤ ቀንና ፊርማ አለው። ማኅተም የለውም፣ ግን ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ሰው ሕግዎን የጣሰ እንደሆነ ቅጣቱ በእኔ በኩል ይላክ። እንግዲህ አርባ አንደኛው ያለ እርስዎ ተፈትቷል፤ "እንዴታ"ን አንድ ጊዜ ብንቆጥረው አንድ መቶ አሥር ቃላት ገና በእጅዎ ናቸው። ደብዳቤውን ራስዎ ይዘው ቢመጡ በራችን ክፍት ነው፤ እናቴ ተቀብላ "ናይስ ነው" ያለችዎ እንደሆነ ግን እባክዎ አይደሰቱ። ደግሞም ይፍጠኑ፤ ጉልበትሽ እንዴት አደረ ብዬ ዛሬ ጠዋት ስጠይቃት፣ ኖርማል ነው ብላኛለች።